ያልተደረሰው ለቅሶ

ሁለቱ የምክር ቤት ሰዎች ሞጆ የመጡ ዕለት ሶልያና እንደ ወትሮዋ ባትሪ እየቀየረች ነበር። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ኪዮስኳ ተቀምጣ ከባጃጅ ነጂዎች ያለቀውን ባትሪ ትቀበላለች፣ የሞላውን ትሰጣለች። ሥራው ብዙ ወሬ አይፈልግም። ልጇ ከሞተ ወዲህ የወደደችውም ለዚህ ነው።

አቶ ሽብሩ ከአዲስ አበባ በአካል ነበር የመጣው። ጥቁር ጫማው በአቧራ ነጥቷል፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ወይዘሮ ቤተልሔም ግን የላኩት ጥላቸውን፣ በብርሃን የተሠራ አምሳላቸውን፣ ነው። አጠገቡ ሲራመዱ አቧራው ከእግራቸው ሥር አይነሳም፣ ፀሐዩም ዓይናቸውን አያስጨፍናቸውም።

«እናታችን፣ እንደምን ዋሉ?» አለ አቶ ሽብሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባትሪ ነው?»

«ባትሪውስ እኛም ጨርሰናል» ብሎ ሳቀ። «ከምክር ቤት ነው የመጣነው። እኔ ጄኔራል ሳህሉ ይሾሙ የምለው ነኝ። እሳቸው ደግሞ አይሾሙም የሚሉት።»

«ሁለታችንም የመጣነው ያዩትን እንዲመሰክሩ ለመጠየቅ ነው» አሉ ወይዘሮ ቤተልሔም።

«እርስዎ አልመጡም እኮ» አላቸው አቶ ሽብሩ። «በአካል ያልሄደ ሰው አይሾም እያሉ አገር ያምሳሉ፤ ራስዎ ግን ጥላ ይልካሉ።»

«ይሄ ለቅሶ አይደለማ፣ አቶ ሽብሩ።»

«የእርስዎ ፓርቲ የገባበት ቤት ለቅሶ መሆኑ መች ይቀራል?»

ሶልያና ሳታስበው ፈገግ አለች። ለአቶ ሽብሩ ዱካ አቀረበችለት። ለወይዘሮ ቤተልሔምም ሌላ ዱካ አቀረበች። ጥላ መቀመጫ እንደማያስፈልገው ታውቃለች፤ ቢሆንም አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ማቆም ነውር ነው።

በዚያ ክረምት መግቢያ አገሩ ሁለት ፕሬዚዳንት ነበረው፤ አንዱ ዕቃቸውን ይሸክፋሉ፣ አንዷ ቃለ መሐላቸውን ይጠብቃሉ። ተሰናባቹ ወንበሩን ሳይለቁ ሌተናል ጄኔራል ሳህሉ ቀጸላን ለጠቅላይ ኤታማዦር ሹምነት አጩ። ተመራጯ ደግሞ «ጦሩን ማን እንደሚመራ የምወስነው እኔ ነኝ» አሉ። ምክር ቤቱ እኩል ለሁለት ተከፈለ። መሐል ላይ የቀሩ ጥቂት የግል ተወካዮች «ሕጉ ጄኔራሉን ካልከለከላቸው እንደግፋቸዋለን» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ሕጉ የድንኳን አዋጅ የሚባለው ነው። ጦሩ አብዛኛው ማሽን ከሆነ ወዲህ የሚሞተው ወታደር ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም የእያንዳንዱ ሞት አገር ያነጋግራል። ስለዚህ ተደነገገ፤ በሥሩ ያለ ወታደር ሞቶበት ለቅሶውን በአካል ያልደረሰ አዛዥ አይሾምም። አንድ ቤት እንኳ ቢቀረው አይሾምም። አዋጁ የጸደቀ ቀን ሁሉም አጨበጨበ። ካጨበጨቡት ውስጥ ለገዛ አጎታቸው ለቅሶ በአካል የሄዱት ስንቶቹ እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም። ለቅሶ በጥላ መድረስ ከተለመደ ቆይቷል። እድርም ቢሆን የሚቀጣው ጥላውንም ያልላከውን ነው።

በጄኔራሉ ሥር የሞቱት ልጆች ቤተሰቦች ሁሉ፣ አዎ በአካል መጥተዋል ብለው መስክረዋል። የቀረችው ሶልያና ነበረች።

ችግሩ እንዲህ ነው። ድንኳን የገባን ሰው «በአካል ነዎት ወይስ ጥላ?» ብሎ መጠየቅ አይደረግም። አይነካም፣ አይፈተንም። ንፍሮ ሲዞር ለጥላውም ይቀርብለታል፤ ሳይነካ ሲቀር ድንኳን ነቃዮቹ ይካፈሉታል። አዋጁን የጻፉት ሰዎች ምስክር ያደረጉት፣ እያየ እንዳላየ መሆንን ተምሮ ያደገ ሕዝብ ነው።

«እናታችን» አለ አቶ ሽብሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጄኔራሉ ድንኳንዎ ገብተው ተቀምጠዋል። አጽናንተዎታል። ይህን ብቻ ቢናገሩ ይበቃል።»

«በአካል ነበሩ ወይ ነው ጥያቄው» አሉ ወይዘሮ ቤተልሔም። «ልጅዎን የቀበሩት በአካል ነው።»

አንድ ባጃጅ ነጂ ባትሪ ይዞ መጣ፤ ሶልያና ተነስታ አስተናገደችው። ስትመለስ ወይዘሮ ቤተልሔም ሌላ ቦታ ስለሚፈለጉ ጥላቸው ጠፍቶ ነበር። አቶ ሽብሩ ብቻውን ከባዶው ዱካ ጎን ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል።

የሚመጣው ማክሰኞ ምክር ቤት እሄዳለሁ አለችው።

ሶልያና ታውቃለች። ጄኔራሉ ድንኳኗ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

ልጇ አጥናፉ በሰሜን በኩል፣ ከሰው መንደር ርቆ ባለ የድንበር ጣቢያ ነው የሞተው። ሶልያናና ቤተልሔም የአሮጊት ስም ሆነው፣ ወጣቱ ሁሉ በቅድመ አያቶቹ ስም በሚጠራበት ዘመን የተወለደ ስለሆነ፣ ስሙን ያገኘው ከአያቷ ነው። ድንኳኑ የተተከለው የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጄኔራሉ ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። ከፊት ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከእሷ ትይዩ ተቀመጡ። ዝናቡ በረታና ድንኳኑ በስፌቱ በኩል ያንጠባጥብ ጀመር። ከላይ የወረደችው ጠብታ የጄኔራሉን ትከሻ አልፋ አግዳሚው ላይ ጠብ ስትል ሶልያና አየች። ሌላም ተከተለች። የደንብ ልብሳቸው አልረጠበም።

ሶልያና ዓይኗን መለሰች። እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ከዚያ ጥላው ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጅዎ ብቻውን አልሞተም። እጁን ይዤው ነበር» አላት።

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ አላለቀሰችም። ጎረቤት «ጠንካራ ናት» አለ። ጠንካራ አልነበረችም፤ የተያዘ እጅ ነበራት። ጠዋት ስትነሳ ያንን እጅ ታስባለች፣ ባትሪ ስታነሳ ታስባለች፣ እራት ለብቻዋ ስትበላ ታስባለች። እጁ ሞቃት እንደነበር ለራሷ ወስናለች።

ጥላ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ከኋላው ባለቤቱ አለ፤ ያያል፣ ይሰማል፣ የሚናገረውም ባለቤቱ ነው። አንዳንዱ ባዶውን ይሄድና ለቦታው የሚስማማውን ራሱ ይናገራል። ፊት ለፊት ሲያዩት ልዩነት የለውም። ምክር ቤቱ ጄኔራሉ በአካል መምጣታቸውን ይጠይቃል። ሶልያና የምትፈልገው ሌላ ነው፤ ያንን ቃል ሲናገር ሰውየው ከኋላው ነበር ወይስ አልነበረም? ከነበረ እጁ ተይዟል። ካልነበረ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የኖረችው ማንም ባልተናገረው ቃል ነው።

ሰኞ አመሻሹ ላይ የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ኤፍራታ መጣች። አብረው ያደጉ ናቸው።

«ምን ልትዪ ነው ነገ?»

«ያየሁትን።»

«ምን አየሽ?»

«አንቺስ? ከኋላዬ ተቀምጠሽ አልነበር?»

«እኔ የእድር ሰብሳቢ ነኝ፤ ድንኳን ውስጥ ዓይን የለኝም» አለች ኤፍራታ። ቀጥላ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ተይው፣ ሶልዬ። መጥተዋል በያቸውና ተገላገዪ። ይሄኛው ቢሾም ያኛው ቢሾም ባትሪሽ አይረክስም።»

«መሾማቸው አይደለም የጨነቀኝ። ልጠይቃቸው ነው የምሄደው።»

«አልነበርኩም ቢሉሽስ?»

ሶልያና የጠረጴዛውን ልብስ በእጇ ደጋግማ አስተካከለች። ኤፍራታ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ በፌስታል አስቀምጣላት ወጣች።

ምክር ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ትልቅ፣ ከውስጥ ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው። ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ማሳል፣ መንቀሳቀስ፣ የጫማ ድምፅ ግን ጥቂት ነው። ከተወካዮቹ አብዛኞቹ ጥላቸውን ነው ያስቀመጡት። የቀሩት በአካል የመጡት እዚህም እዚያም ተበታትነው፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ እነሱ ያዛጋሉ፣ ጀርባቸውን ያካሉ።

ጄኔራል ሳህሉ የዕጩ ወንበር ላይ ነበሩ። ሶልያና ስታያቸው ደነገጠች። ድንኳን ከገባው ጥላ በጣም አርጅተዋል፤ አንገታቸው ከኮሌታቸው ቀጥኗል፣ አንድ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አላወቋትም። በትሕትና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ክርክሩ ከምስክርነቱ በፊት ተጀመረ።

«የሚሄድ እንግዳ ደኅና እደሩ ይላል እንጂ ዘበኛ አይቀጥርም!» አለ አንድ ጥላ።

«ፕሬዚዳንቱ እስከ መጨረሻዋ ቀን ፕሬዚዳንት ናቸው!»

«ሟች የሚተወው ኑዛዜ ነው፣ ሹመት አይደለም!»

«ተሰናባች ናቸው እንጂ ሟች አይደሉም!» ብሎ አቶ ሽብሩ ተነሳ። «አፍዎን ይሰብስቡ!»

አፈ ጉባኤው ቀዩን መብራት አበሩ። ጸጥ ሲል ደግሞ በንፍሮው ተያያዙ። የጄኔራሉ ሳህን ባዶ ነበር ወይ፣ ምስክሯ ይጠየቁልን አለ አንዱ። ባዶ መሆኑ ምን ያረጋግጣል፣ ድንኳን ነቃይ በልቶት እንደሆነስ አለ ሌላው። እኔ በጾም ቀን ለቅሶ ሄጄ ንፍሮ ሳልቀምስ ወጥቻለሁ፣ እኔም ጥላ ነኝ ማለት ነው? አለ ሦስተኛው። ይህን ያለው ራሱ ጥላ ስለነበር በአካል ያሉት ሳቁ። ጥላዎቹም ትንሽ ዘግይተው ሳቁ።

ሶልያና እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። የልጇ ስም እስካሁን አልተጠራም።

በመጨረሻ አፈ ጉባኤው ወደ እሷ ዞሩ። «ወይዘሮ ሶልያና ገብረየስ፣ ሌተናል ጄኔራል ሳህሉ ቀጸላ የልጅዎን ለቅሶ በአካል ደርሰዋል?»

«አልደረሱም» አለች። «ጥላቸው ነው የመጣው።»

ግማሹ ወንበር አጨበጨበ። አቶ ሽብሩ ሁለት እጁን ዘረጋ። «እንዴት አወቁ? ድንኳን ውስጥ ማን ይፈትናል? ነውር ነው እኮ!»

«እኔ አልፈተንኩም። ዝናብ ነበረ። ድንኳኑ ያፈስ ነበር። ውኃው አልነካቸውም።»

ወይዘሮ ቤተልሔም ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ጉዳዩ አልቋል» አሉ። «ወደ ሌላው አጀንዳ እንለፍ።»

«እኔም የምጠይቀው አለኝ» አለች ሶልያና።

«ምስክር አይጠይቅም፣ እናታችን» አሉ አፈ ጉባኤው ለስለስ ብለው። «ሥነ ሥርዓቱ አይፈቅድም።»

«ይጠይቁኝ» አሉ ጄኔራሉ። በዚያ ቀን የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። የከረመ ጉንፋን ያለበት ድምፅ ነው፤ ድንኳን ውስጥ እንደሰማችው የተወለወለ አይደለም።

ሶልያና ተነሳች። «ለአጥናፉ ለቅሶ ጥላዎን ሲልኩ፣ ከኋላው ነበሩ?»

ጄኔራሉ ወደ እሷ ዞሩ። «ወደ እናንተ እየመጣሁ ነበር፣ እናቴ። ዱከም ስደርስ ቤተ መንግሥት ተጠራሁ። ጥላዬን አስገብቼ ተመለስኩ። ከኋላው አልነበርኩም።»

«ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ሰምቼውም አላውቅም።»

«ልጅዎ ብቻውን አልሞተም፣ እጁን ይዤው ነበር አለኝ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በአካል አሳለ። ጄኔራሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ሲያነሱት ግን እሷን ነው ያዩት።

«እዚያ ጣቢያ ላይ ሰው አንድ ብቻ ነበር» አሉ። «ሌላው ማሽን ነው። የነበረው ሰው እሱ ነው። ሌሊት ተመታ፤ እኛ የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እጁን የያዘው ሰው አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። ብቻውን ነበር።»

አቶ ሽብሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዕጩው በራሳቸው አፍ ሹመታቸውን አፈረሱት።

ሶልያና ወንበሯን ፈልጋ ለመቀመጥ ወደ ኋላ እጇን ላከች። ከዚያ ተወችውና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነሳ የሚወድቀው። ቀስ እያለ ድምፁ መጣ። ጩኸት አልነበረም። ሦስት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ አየር እንደሚያወጣው፣ እንደዚያ ነበር። የልጇን ስም ጠራች። ደግማ ጠራችው።

በአካል የነበሩት ተወካዮች አንድ በአንድ ተነሱ። አንዳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥላዎቹ እንደተቀመጡ ቀሩ፤ ባለቤቶቻቸው ሌላ ቦታ ናቸው፣ ምክር ቤት ውስጥ ለቅሶ ይሆናል ብሎ ያሰናዳቸውም የለም። አንዱ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አለ። ሌላው «እደግፋለሁ» አለ።

ጄኔራል ሳህሉ ከዕጩው ወንበር ተነሱ። ደረጃውን የብረት ዘንጉን ይዘው ወረዱ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በአንድ እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ከሶልያና ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን አጣጠፉ።

«እግዜር ያጥናዎት» አሏት።

አንገቷን ነቀነቀች።

ይህን ጊዜ ነው አቶ ሽብሩ እጁን ከፊቱ ላይ ያነሳው። ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና ብድግ አለ።

«ሥነ ሥርዓት! ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ይመልከቱልኝ! ዕጩው ለቅሶ እየደረሱ ነው! በአካል!»

«ምን?» አሉ ወይዘሮ ቤተልሔም።

«አዋጁ በአካል ይድረስ ነው የሚለው። እስከ መቼ ይላል? ይነበብ! የጊዜ ገደብ የለውም!»

«ከሦስት ዓመት በኋላ?»

«ለቅሶ ይዘገያል እንጂ ይቀራል እንዴ? ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ስንት ዘመን ቆይቶ ይደርስ የለም?»

«ሞጆ መቼ ነው ሩቅ አገር የሆነችው?»

«ለዱከም መንገደኛ ሩቅ ናት!»

«ድንኳኑስ የታለ? አዋጁ የድንኳን አዋጅ ነው የሚባለው!»

«ይኸው ጣሪያ! የማያፈስ ነው!»

ሳቅ ሆነ። አፈ ጉባኤው መብራቱን ደጋግመው አበሩ፤ ከሕግ ክፍል ሰዎች ጋር ተንሾካሾኩ፤ አዋጁ ተነበበ። የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ለቅሶው በሟች ቤት ይሁን የሚልም አልተጻፈበትም፤ ሲጻፍ ለቅሶ ከቤት ውጭ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አፈ ጉባኤው፣ ሟቹ በስሙ እየተጠራ፣ እናቱ እያለቀሰች፣ ዕጩው በአካል ከጎኗ ተቀምጠው ስለታዩ አዋጁ ተሟልቷል ብለው ወሰኑ። የግል ተወካዮቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ድምፅ ተሰጠ። ሹመቱ በጠባብ ልዩነት ጸደቀ።

ሶልያና ይህን ሁሉ የምትሰማው ከጎረቤት ግቢ እንደሚመጣ ሬዲዮ ነበር። ሰውየው አሁንም አጠገቧ ናቸው። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላው ይዘውታል። እጇን አልያዙም፤ ለመያዝም አልሞከሩም። ስለዚህ አመነቻቸው።

«ተሿሚው ለቃለ መሐላ ይቅረቡ» ተባለ።

ጄኔራሉ አልተነሱም።

«ሌተናል ጄኔራል ሳህሉ ቀጸላ!»

በአካል ያሉት ተወካዮች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የምታለቅስ እናት ፊት ተነስቶ መሄድ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ግን የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ተጠሩ። ከዚያ የምክር ቤቱ ደንብ የሚለው ሆነ፤ ተሿሚው በተጠሩበት ካልቀረቡ ጥላቸው ይቀርባል። መድረኩ ላይ ብርሃን ብልጭ አለ፤ አንገቱ ያልቀጠነ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ጄኔራል ሳህሉ ቆመ። ቀኝ እጁን አነሳ። የአገሪቱን ሰማይና ምድር፣ የልጆቿንም ሕይወት በታማኝነት ሊጠብቅ ማለ። ድምፁን ሶልያና ወዲያው ለየችው። ድንኳን ውስጥ የሰማችው ያ ለስላሳ ድምፅ ነው።

ወይዘሮ ቤተልሔም ተቃውሞ አስመዘገቡ። አቶ ሽብሩ እያጨበጨበ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ይጨባበጥ ጀመር፤ መድረኩ አጠገብ ሲደርስ እጁን ወደ ጥላው ዘርግቶ፣ ትዝ ሲለው መለሰው።

ሶልያና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«እርስዎን ነው የሚጠሩት» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«አይሄዱም?»

ጄኔራሉ ዞረው ወደ መድረኩ አዩ። «ሄጃለሁ እኮ» አሉ።

የካሜራ መብራቶች መድረኩን ከበቡ፤ ወደ ምንጣፉ የዞረ አልነበረም።

«አጥናፉ» አሉ ጄኔራሉ፣ «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ድንኳን የገባው ሁሉ አጽናናት፤ የጠየቃት ግን የለም። ከየት እንደምትጀምር ጠፋባት። ከትምህርት ቤቱ ልጀምር አለችና ተወችው፤ ወደ ኋላ ሄደች።

«ጥርስ ሲያወጣ አስቸግሮኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም።»